የበጀት ማብራሪያ

እኔ ሳይንስ አላውቅም፤ ደምሬ አዳሪ ነኝ፣
የኮሌጁ ካዝና ባዶውን ያመነኝ።
ኬዮን ከደሴቷ ጫፍ፣ ከቺሎኤ መጨረሻ፣
አስፋልቱ አብቅቶ ባሕር ሲሆን መነሻ፣
ሮሰንዳ ካርካሞ ቦቲዋን ሳታወልቅ
ቢሮዬ ገባችብኝ፣ ዐርብ ቀኑ ሲጠልቅ።
«ጥሪ ወጥቷል» አለች፣ «የመንግሥት ድጎማ፤
ሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።» ኮቴን መልሼ ሰቀልኩ፣ ይህንን ስሰማ።

ቅዳሜን እሁድን ከምድጃው ዳር ተቀመጥን፣
እርጥቡ እንጨት እያጨሰ የመንግሥትን ቃል እየፈታን።
«ዘላቂነት» ይላል፣ «አግባብነት»፣ «ፈጠራ»፤
እሷ የምታውቀው ማዕበል ነው፣ ነፋስ ነው፣ ደግሞም የባልዲ ሥራ።
ቅጹ ሠላሳ ገጽ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ።
የእኔ ድርሻ የዕቃው ነው፤ ጻፍኩ ከላይ፦

ባልዲ፣ አራት። ገመድ፣ ሃምሳ ሜትር።
የጀልባ ነዳጅ፣ በየወሩ መቶ ሊትር።
አንድ ማይክሮስኮፕ። (ዋጋው ከቤቴ ጣሪያ ይበልጣል፤
ጣሪያዬ ግን ያፈሳል፤ ይሄ ያያል።)

ሌላው ሣጥን ደግሞ፦ «ለአገር ጥቅሙ ምንድን ነው?
በሁለት መቶ ቃል።» እዚህ ላይ ስትደርስ ብዙ ዝም ነው።
ከዚያ ጻፈች፦ «ባሕሩ አንዳንዴ ይቀላል፤ ሳይቀላም ይመርዛል፤
ዐይን የማያየው ደቂቅ ዛጎሉ ውስጥ ይከማቻል።
ኤላዲዮ ቺግዋይ የሚባል፣ ሁለት ደርዘን በልቶ፣
ከንፈሩ ደንዝዞ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ ጀልባው ላይ ሞቶ
ተገኘ።»
ቆጠረች። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።
ዐሥራ አራት ቃል መቀነስ ነበረባት።
ኤላዲዮን ቀነሰች። ልክ ሆነ ሒሳቡ።
እኔ ግን ያን ሌሊት አልዘጋ አለኝ መዝገቡ።

ሰኞ መብራት ጠፋ፣ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ፤
ዐሥር ሰዓት ተኩል፣ ቅጹ ገና ተንጠልጥሎ።
የእሳት አደጋው ጣቢያ ጀኔሬተር አለው ሲሉን ሮጥን፣
ኮምፒውተሩን በዝናብ ልብሷ ጠቅልላ፣ እንደ ጨቅላ ሕፃን።
እሳት አጥፊዎቹ ሳቁብን፤ መሰኪያ ሰጡን፤ ወንበር ግን አልነበር።
ዐሥራ አንድ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀር
«ተልኳል» አለ ስክሪኑ።
እሷ የጎማ ቧንቧ ጥቅል ላይ ቁጭ አለች፣ ሳትናገር።

ከአምስት ወር በኋላ ከሳንቲያጎ መልስ መጣ፦
«ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ነጥብ አጣ፤
ከመቁረጫው በታች ሆነ፣ በዜሮ ነጥብ ሁለት።
ጉዳቱ በሰው ላይ መድረሱን የሚያሳይ አላገኘንበት።»

ሳቀች ሮሰንዳ። እንዲያ ያለ ሳቅ ደግሜ አልሰማሁም።
በየትኛው ሣጥን እንደሚጻፍም አላወቅሁም።

መምህር ዳጎቤርቶ ነበር ሌላውን ጥሪ ያየው፣
ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ከዘይቱ የለየው፦
«ለገጠር ትምህርት ቤቶች፣ ለቤተ ሙከራ ዕቃ።»
ትንሽ ገንዘብ ናት። ግን የሮሰንዳ ዐይን ነቃ።
«ምርምር» ያለችውን ሰርዛ «ትምህርት» አለችው፤
«ረዳት ተመራማሪ»ን «ስድስተኛ ክፍል» አደረገችው፤
ባልዲው ባልዲ ሆኖ ቀረ፣ ገመዱም ገመድ።
ኤላዲዮን መለሰችው፤ ቃል ቆጣሪ አልነበረም በዚህኛው መንገድ።

ተፈቀደ።
አሁን ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ጠብታ ይቆጥራሉ፤
ፀጉሯን የማታበጥረው ኢርሜላ ስታጎነብስ ሁሉም ዝም ይላሉ።
«ሰባት» ትላለች። ሰባት ደኅና ነው።
አንድ ቀን «አርባ» አለች፤ በዚያ ሳምንት ገበያው ባዶ ነው።

ለእኔ የቀረኝ ሪፖርቱ ነው፣ ለእያንዳንዷ ፔሶ ደረሰኝ።
ሁሉም ልክ ገባ። አንዱ ብቻ አስቸገረኝ፦
የጀልባው ነዳጅ። ባለጀልባው ገንዘቡን አልወስድም
አለ። «ደረሰኙ ላይ ምን ልበል?» ብለው፣ «በል፦ ወንድም።»

ይህን የሚቀበል ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።
ክፍት ትቼዋለሁ። ኦዲተሩ ሲመጣ ይጠይቀኝ፤
ውጭው ዝናብ ነው፣ አልቸኩልም።